የማያስረሳው የመርሳት በሽታ



ይህ ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት። የምጽፈው ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ቆቦ ያላችሁ ግን ሁለት አንቀጽ ሳትሄዱ ታውቁታላችሁ። ከመጻፌ በፊት ባለቤቱንና ልጆቹን ጠይቄያለሁ። እትዬ ማንበብ ስለማትችል ልጇ ከላይ እስከ ታች አንብባላታለች። ሁለት ቦታ ላይ "ይቺን አውጣት" ብላኝ አውጥቻለሁ። ስለቀረው ግን "ይጻፍ፤ ሌላ ቤት ያለች ሴት እንደኔ አትንገላታ" ነው ያለችው።

ጋሼ ታሟል። የታመመው አእምሮውን ነው። ሕመሙ በአማርኛ "የመርሳት በሽታ" እያልን ከምንጠራቸው ወገን ነው። ጋሼ ግን ምንም አይረሳም። ጣጣው ሁሉ የጀመረው ከዚህ ነው።

ለማያውቁት ትንሽ ልንገራችሁ። አባታችን በ77ቱ ድርቅ ሲሞት ጋሼ 19 ዓመቱ ነበር፣ እኔ 6። እናታችንንና አራት ታናናሾቹን ይዞ ቀረ። የራሱን ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ እኛን አስተማረን። ዛሬ "ቲቸር" የምትሉኝ በእሱ በሬ፣ በእሱ ማሽላ ነው። ኮሌጅ ስገባ የሸጠልኝ ላም መልኳ እንኳ አይጠፋኝም፤ ቀይ ቦቃ ነበረች።

አገሬው የሚያውቀው ግን በዚህ አይደለም። ጋሼ አስታራቂ ነበር። አርባ ሳይሞላው ከሽማግሌዎች ጋር መቀመጥ ጀመረ። ይህ በራያ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ደም የተቃቡ ሁለት ቤቶችን አስቀምጦ ደም የሚያደርቅ ሰው ሀብታም መሆን የለበትም፤ የተማረም መሆን የለበትም። አፉን የሚይዝ መሆን ግን የግድ ነው። የገዳይ ወገን ለብቻው የነገረውን፣ የሟች ወገን ለብቻው የነገረውን በሆዱ ይዞ፣ ከሁለቱም የሚያስታርቀውን ብቻ ነው የሚያወጣው። እትዬ "የሱ ሆድ የማሽላ ጉድጓድ ነው፤ የገባውን ማን ያየዋል!" እያለች ትቀልድበት ነበር። በጠብ የፈረሰ ስንት ትዳር፣ በድንበር የተቋረጠ ስንት ጉርብትና በእሱ አፍ መጠበቅ ተመልሷል።

ለውጡ የጀመረው በ2012 አካባቢ ነው። ያን ጊዜ 54 ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ትንንሽ ነገር ነበር። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳቀ። ሻዩ ላይ ስኳር አራት አምስት ማንኪያ መጨመር ጀመረ፤ ቆይቶ ስኳሩን በእፍኙ ይቅም ጀመር። ገበታ ላይ ከሰው ፊት ያነሳል። ሰው እያወራው ተነስቶ ይሄዳል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ቆቦ ያየችውን ለእናንተ አልነግርም። ያን ጊዜ ያልተለወጠ ሰው ማን አለ? እንቅልፍ ያጣ፣ ብቻውን የሚያወራ፣ የሚቆጣ በየቤቱ ሞልቶ ነበር። የጋሼም ነገር እዚያው ውስጥ ተሸፈነ። "ጦርነቱ ነው፣ ይለቀዋል" ተባለ።

ሌላው ሰው ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ሲመለስ ግን ጋሼ እየባሰበት ሄደ። ሁለት የእርሻ በሬዎቹን ለማያውቀው ነጋዴ በአንድ በሬ ዋጋ ሸጦ ገባ። ከገንዘቡ ላይ ሦስት ካርቶን ብስኩት ገዝቶ ነበር። "ምነው?" ሲባል "ብስኩት አማረኝ" አለ፤ አላፈረም፣ አልተደናገጠም። በሌላ ጊዜ እትዬን ወባ ይዟት ሦስት ቀን ስትንቀጠቀጥ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ "ምሳስ?" አላት። ይህ ሰው እኮ የመጀመሪያ ልጃቸው ምጥ ሲጠናባት፣ በክረምት፣ ወንዝ ሞልቶ፣ በቃሬዛ ከተሸከሟት አራት ሰዎች አንዱ ነው። ጤና ጣቢያ እስኪደርሱ ትከሻውን አልቀየረም ይባላል።

የከፋው በ2015 ጥር ላይ መጣ። ዓመታት የፈጀ የሁለት ቤተሰብ ዕርቅ ሊፈጸም ሽማግሌው ሁሉ ተቀምጧል። ጋሼ በመሃል፣ አንደኛው ወገን ለእሱ ብቻ አምኖ የነገረውን ምስጢር፣ እየሳቀ፣ በሁሉም ፊት ተናገረው። ሰው ተነሳ። ዱላ ተነሳ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች መሃል ባይገቡ በዚያ ቀን ሌላ ደም ይፈስ ነበር። ጋሼ ያን ሁሉ ግርግር ቁጭ ብሎ አየው፤ ከዚያ "በሉ ቡናው ይምጣ" አለ።

ከዚያ በኋላ ለሽምግልና የጠራው የለም። "ጉቦ በልቶ ነው" ተባለ፤ "ወግኖ ነው" ተባለ። የሃያ ዓመት ስም በአንድ ከሰዓት አለቀ።

"ሰውየው ታሟል" እንዳይባል ደግሞ ሁሉንም ነገር ያስታውሳል። በ1998 ስንት ኩንታል ጅጉርቲ እንዳስገባ፣ ማን ስንት ብር እንዳለበት፣ የማን አያት ከዞብል ወርዶ የት እንደሰፈረ ቁጭ ብሎ ይተርክላችኋል። ከእናንተ አንዱን መንገድ ላይ አግኝቶት ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ስም ጠርቶታል። እንዲህ እያስታወሰ እንዴት ታመመ ይባላል? ስለዚህ ፍርዱ በየቤቱ አንድ ሆነ፤ "እያወቀ ነው።"

ምክንያቱን ሁሉም በየፊናው ሰጠ። መተት ነው ያለ አለ፣ ዛር ነው ያለ አለ። ሳይታረቁ የቀሩት ቤቶች እርግማን ነው ያለ አለ። የሚበዛው ግን "በስተርጅና ባለጌ ሆነ" ብሎ ደመደመ። ፀበል ተወሰደ። ጎረቤታችን ሼሁ መጥተው ዱዓ አደረጉለት። በሁለቱም ቤተሰቡ ጸንቷል፤ ዛሬም አላቆምንም።

ሕክምናም ተሞክሯል። አንድ ሆስፒታል ውስጥ "ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ያለነው የት ነው? የምነግርህን ሦስት ቃል ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድገምልኝ" ተባለ። ጋሼ አንዱንም አልሳተም፤ እንዲያውም የጠያቂውን አገር ጠይቆ ከአያቱ ዘንድ ሊዛመድ ምንም አልቀረውም። "ማስታወሱ ደህና ነው፤ ጭንቀት ይሆናል" ተብሎ የእንቅልፍ መድኃኒት ይዘን ወጣን። ሌላ ቦታ ደግሞ ድብርት ነው ተባለ። አንዳንዱ ዘመድ "አማኑኤል ውሰዱት" ሲል፣ ሌላው "አማኑኤል ገባ ከተባለማ ልጆቹን ማን ያገባል" አለ። አማኑኤል ሆስፒታል እንደማንኛውም ሆስፒታል ሰው የሚታከምበት ቦታ ነው፤ በእኛ አፍ ላይ ግን ስሙ ስድብ ሆኖ ቀርቷል።

በ2016፣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ወራት ጠብቀን፣ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን አዲስ አበባ አንድ የነርቭ ስፔሻሊስት ዘንድ ቀረብን። ሐኪሙ ከጋሼ ጋር ጥቂት አወራና ወንበሩን ወደ እትዬ አዞረ። ከአንድ ሰዓት በላይ የጠየቀው እሷን ነው። "ሰው ሲያዝን ያዝን ነበር? አሁንስ?" "አበላሉ ላይ ምን ተለወጠ?" "አንድን ነገር ደጋግሞ ያደርጋል?" "ገንዘብ አያያዙስ?" "ራሱ ታምሜያለሁ ይላል?" እትዬ ሁሉንም መለሰችና ለቅሶ ያዛት። በአራት ዓመት ውስጥ "አንቺ ምን አየሽ?" ብሎ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ነበር።

ከዚያ የደም ምርመራ መጣ። ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ ሁሉም ታየ። እነዚህ ሁሉ ጠባይና አእምሮ ሊያውኩ የሚችሉ፣ መድኃኒትም ያላቸው ነገሮች ስለሆኑ መጀመሪያ መጣራት አለባቸው። ሁሉም ነጻ ሆነ። ቀጥሎ ኤምአርአይ ተነሳ። ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጎ በእስክሪብቶው አሳየን። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ሟሽሿል፤ የኋላው ደህና ነው። የበሽታው ስም ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ይባላል አለን።

እስቲ ለአምስት ደቂቃ ክፍል እንግባ። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ቻሉኝ።

ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። አንጎልን ቀስ በቀስ የሚጎዱ የብዙ በሽታዎች የወል ስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር እንደሚኖሩ ይናገራል፤ ከመቶ ከ60 በላይ የሚሆኑት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው ያሉት። ከመቶ ከ60 እስከ 70 የሚሆነው አልዛይመር ነው። አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው አዲስ ትዝታ በሚመዘገብበት፣ ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ሰውየው ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ፣ ቁርስ መብላት አለመብላቱን የሚረሳው። እኛም ስም ስናወጣ ይህንን አይተን "የመርሳት በሽታ" አልነው።

የጋሼ በሽታ የሚጀምረው ግን ከግንባር ጀርባና ከጆሮ አካባቢ ካሉት የአንጎል ክፍሎች ነው። ታው፣ ቲዲፒ-43 የሚባሉ ፕሮቲኖች ከትክክለኛ መልካቸው ወጥተው በነርቭ ሴሎች ውስጥ ይከማቻሉ፤ ሴሎቹ ይሞታሉ፤ ክፍሉ ይሟሽሻል። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከ45 እስከ 65 ዓመት ያለውን ሰው ነው፤ ማለትም ገና ቤት የሚያስተዳድረውን፣ ልጅ የሚያስተምረውን፣ ገንዘብ በእጁ ያለውን። መልኩ ሁለት ነው። በአንዱ ጠባይ ይለወጣል፤ የጋሼ ይኼኛው ነው። በሌላው ንግግር ይጠፋል፤ ሰውየው ቃል ያጣል፣ ወይም "በሬ" ስትሉት በሬ ምን እንደሆነ ይጠፋዋል። በሽታው አዲስ እንዳይመስላችሁ፤ አርኖልድ ፒክ የተባለ የፕራግ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1892 ጽፎታል። አልዛይመር የመጀመሪያዋን ታካሚውን ጉዳይ ለሐኪሞች ካቀረበበት ከ1906 እንኳ ይቀድማል።

ክፍል ውስጥ ስለ ፊኒያስ ጌጅ የነገርኳችሁን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1848 ድንጋይ ሲያፈነዱ የብረት ዘንግ በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። አልሞተም። ተራመደ፣ ተናገረ፣ አስታወሰ። ጠባዩ ግን ተለወጠ፤ ያ ቁጥብ ሰው ተሳዳቢና ግዴለሽ ሆነ ብሎ ሐኪሙ ጻፈ። በዚያ ጊዜ ሁላችሁም ሳቃችሁ። ጌጅ ላይ ብረቱ በአንድ ቅጽበት ያደረገውን ጋሼ ላይ በሽታው በዓመታት አደረገው። ልዩነቱ፣ የጌጅን ብረት ሁሉም አየው፤ የጋሼን ማንም አላየውም።

ሐኪሙ ይህ የአንጎል ክፍል ምን እንደሚሠራ ሲያስረዳን ብዙ ቃል ተጠቀመ፤ ማመዛዘን፣ ራስን መግታት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት። እትዬ ዝም ብላ አዳምጣ "ይሉኝታው ነዋ የታመመው" አለች። እኔ ከመጽሐፍ ያነበብኩት ሁሉ ከዚህ የተሻለ አይገልጸውም። እኛ ይሉኝታን የአስተዳደግ ጉዳይ አድርገን ነው የምናየው። ይሉኝታ ያለው ጨዋ ነው፣ የሌለው ባለጌ ነው፤ አለቀ። አዎ፣ አስተዳደግ ነው። ግን ይሉኝታም እንደ ዓይን፣ እንደ ጆሮ የሚያድርበት ሥጋ አለው። ሥጋው ሲታመም እሱም ይታመማል። ዓይኑ የጠፋን ሰው "እያየ ነው የረገጠኝ" አንለውም። ይሉኝታው የጠፋውን ግን "እያወቀ ነው" እንላለን።

"የመርሳት በሽታ" የሚለው ስም ያስቸገረንም ለዚህ ነው። ስሙ ራሱ በር ዘጋብን። ረስቶ ቢሆን ኖሮ ቆቦ ሁሉ ያዝንለት ነበር። መንገድ የጠፋበትን ሽማግሌ ሰው እጁን ይዞ ቤቱ ያደርሰዋል። ያልረሳው ግን ተወቀሰ፣ ተሰደበ፣ አንድ ሁለቴም ተመታ።

ስሙ የሚጠፋው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም። ቪዲዮ ቤት ገብታችሁ "ዳይ ሃርድ" ያያችሁ ብሩስ ዊሊስን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2022 ቤተሰቡ አፌዥያ፣ ማለት የንግግር ችግር፣ ስላገኘው ትወናውን ማቆሙን ተናገረ። የበሽታው ትክክለኛ ስም ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ መሆኑን ለሕዝብ የገለጹት በየካቲት 2023 ነው። ያ ሁሉ ገንዘብና ሐኪም ባለበት አገር እንኳ ነገሩ ደረጃ በደረጃ ነው የተገለጠው። እኔን የነካኝ ሌላ ነገር ነው። መግለጫው የወጣው በሚስቱ፣ በቀድሞ ሚስቱና በሴት ልጆቹ ስም፣ አንድ ላይ ነው። የተፋታ ቤት ለአንድ በሽተኛ ሲል አንድ ቃል ተናገረ። ሰሚው ብዙ ስለሆነ፣ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ስንቱ ሰው በዚያ ቀን "የኔም አባት ይህ ይሆን?" ብሎ ሐኪም ጠይቆ ይሆናል።

እኛ ደግሞ ዝነኛ የለንም። ቅሬ ግን አለን።

ነገሩን ለቅሬ እንንገር ወይስ አንንገር የሚለው ቤተሰቡን ሁለት ቦታ ከፈለው። አጎታችን "ተው" አሉ። ምክንያታቸው ቀላል አልነበረም። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ ዘር ይቆጠራል። ሐኪሙም አልደበቀንም፤ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ በዘር ባይሆንም በአንዳንድ ቤተሰብ በዘር ይተላለፋል ብሎናል። ጋሼ ያላገቡ ሁለት ሴት ልጆች አሉት። "የአእምሮ በሽታ ያለበት ቤት" መባል ማለት በእነሱ ላይ በር መዝጋት ነው። አጎታችን ይህን ሲናገሩ እትዬ እንኳ ዝም አለች።

የመለሰችላቸው 24 ዓመት የሆናት ልጁ ናት። "አባቢ፣ አባቴ ባለጌ ተብሎ ከሚቀበር ታሞ ነው ተብሎ ይታወቅ። በዚህ የሚቀር ባል ይቅር።" ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም።

በ2017 ታኅሣሥ፣ ቅሬው ጉዳዩን ከጨረሰ በኋላ፣ እሷው ተነስታ ተናገረች። ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ በዚያ ስብሰባ ተነስታ አትናገርም። የኤምአርአዩን ፊልም ይዛ ነበር። በፀሐይ ላይ ዘርግታ "ይኸው እዚህ ጋ ነው የታመመው" ብላ አሳየች። አባቷ ያደረገውን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ሳቁን፣ ብስኩቱን፣ በሬዎቹን። ዕርቁንም አልዘለለችም።

ፀጥ አለ። ከዚያ ያ ምስጢሩ የወጣበት ሰው ተነሳ። ለሁለት ዓመት ጋሼን አልፎት ሲሄድ ፊቱን ያዞር የነበረ ሰው ነው። "ያን ቀንም ታሞ ነበር?" አላት። "አዎ፣ ታሞ ነበር" አለችው። ቆሞ ቆየና "እንግዲያማ እኔ ቂሙን የያዝኩት በማን ላይ ነው?" አለ። በሳምንቱ ቤት መጥቶ ከጋሼ ጋር ቡና ጠጣ። ጋሼም ያንኑ ምስጢር እንደ አዲስ ነገረው። ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ፤ እትዬ ደግሞ ጀበናውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ሁሉም እንዲህ አልሆነም። ዛሬም "ሰበብ ነው" የሚል አለ። አንድ ሊመጣ የነበረ የጋብቻ ሽምግልናም ቀርቷል። ይህንን ሳልነግራችሁ ባልፍ ውሸት ይሆናል። ግን የተለወጠው ይበልጣል፤ ምን እንደተለወጠ ልንገራችሁ።

የከብት ደላሎቹ ተነጋገሩ፤ ጋሼ ብቻውን ከብት ይዞ ቢመጣ ማንም አይገዛውም፤ ለልጁ ይደውላሉ። ሱቆቹ ስኳርና ብስኩት በብዛት አይሸጡለትም፤ አንድ ሰጥተው ይሸኙታል። በየቀኑ ጠዋት በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ እስከ ድልድዩ ሄዶ ይመለሳል፤ አንከለክለውም፤ በየመንገዱ ያለው ሰው ያየዋል። ኪሱ ውስጥ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ አለ። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ተቀምጦ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል። ያ አንድ ዓይነት ነገር መደጋገሙ እዚያ ላይ ጠቅሞናል፤ እንደሱ የማይሰለች ወፍ ጠባቂ የለም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ዘመድ ተራ ይዞ እሱ ዘንድ ይውላል፣ እትዬ ቤተ ክርስቲያን ትሳም፣ ትተኛ፣ ዘመዷን ትጠይቅ ብለን ነው። ይህን በሽታ የሚታመመው አንድ ሰው ነው፤ የሚያደቀው ግን ሁለት ሰው ነው።

በሽታው አይድንም። እየባሰ ይሄዳል። ጋሼ ዛሬ ንግግሩ ቀንሷል። ወደፊት መዋጥም፣ መራመድም እንደሚያስቸግረው ተነግሮናል። ይህን እያወቅን ነው የምንኖረው።

አሁን በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ተመሳሳይ ነገር ለምታዩ፣ ከደረሰብን የተማርነውን ልጻፍላችሁ።

1. ከአርባ አምስት ዓመት በላይ ያለ ጨዋ ሰው ጠባዩ ያለ ምክንያት ከተገለበጠ፣ ኀዘኔታው ከጠፋ፣ ጣፋጭ አለቅጥ ከወደደ፣ ገንዘብ ከበተነ፣ አንድ ነገር ከደጋገመ ወደ ሐኪም ይሂድ። "ያስታውሳል" ብላችሁ አትተዉት።

2. ብቻውን አትላኩት። በሽተኛው "ደህና ነኝ" ነው የሚለው፤ የሚዋሽም አይደለም፣ አይታወቀውም። ያየችውን የምትናገር ሚስት፣ እህት ወይም ልጅ አብራ ትሂድ። የታየውን ከነጊዜው በወረቀት ጻፉ።

3. የሚድኑትን በሽታዎች መጀመሪያ አጣሩ። የታይሮይድ፣ የቫይታሚን እጥረት፣ ኢንፌክሽን፣ የአንጎል ዕጢ፣ ወድቆ አናቱ ውስጥ የረጋ ደም፣ ድብርት ተመሳሳይ መልክ ሊኖራቸው ይችላል፤ መድኃኒት አላቸው።

4. ለአልዛይመር የሚሰጥ ክኒን ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትስጡ። ለዚህኛው በሽታ አይረዳም፤ አንዳንዱን እንዲያውም ያውከዋል። ጠባይን የሚያበርዱ መድኃኒቶች አሉ፤ ሐኪም ነው የሚያዘው።

5. ንብረቱን ቶሎ ጠብቁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን "በፍርድ መከልከል" የሚባል ሥርዓት አለ፤ አእምሮው የታወከ ሰው ንብረቱን እንዳያጠፋ ፍርድ ቤት ንብረቱን የሚጠብቅ ሰው ይሾምለታል። በሬው ከተሸጠ በኋላ ከመካሰስ በፊት መጠየቅ ይሻላል።

6. አትከራከሩት፣ በሰው ፊት አትቆጡት። የሚሰማው ነገር የለም፤ የምትደክሙት እናንተ ናችሁ። ወሬውን ወደ ሌላ ነገር አዙሩለት።

7. ፀበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ። ሕክምናውን ግን በዚያ ምክንያት አታቋርጡ።

ከተማሪዎቼ መካከል ዛሬ ሐኪም፣ ነርስ፣ ጤና መኮንን የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። እኮራባችኋለሁ። አንድ ልመና አለኝ፤ በሽተኛውን ቀኑን ጠይቃችሁ ስትጨርሱ ከኋላው የቆመችውንም ሴት ጠይቋት። ዳኛና ፖሊስ የሆናችሁም፣ ስድሳ ዓመት ሙሉ የተከበረ ሰው ድንገት ከሱቅ ሰረቀ፣ በአደባባይ ሸና ተብሎ ሲቀርብላችሁ "ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?" በሉ። ያቺ አንዲት ጥያቄ ሰው ታድናለች።

ጽሑፉን ለቅሬያችሁ፣ ለዕድራችሁ፣ ለማኅበራችሁ አንብቡት። ሼር ማድረግ የምትችሉ አድርጉ። ምልክቱን በቤታችሁ ያያችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሐኪም ባልሆንም የሄድንበትን መንገድ እነግራችኋለሁ።

ቆቦ ስትመጡ ጠዋት ወደ ድልድዩ ሲሄድ ታገኙታላችሁ። ጠጋ ብላችሁ ሰላም በሉት። ምናልባት አይመልስላችሁም፤ ምናልባትም የአያታችሁን ስም ጠርቶ የማይነገር ነገር ይናገራችሁ ይሆናል። አትቀየሙት። ከረሜላ ቢጠይቃችሁ ግን አንድ ብቻ፤ እትዬ አደራ ብላችኋለች።

ቸር ያቆየን።